ከቋጥኙ ውስጥ የሚያንኳኳው

ወዳጄ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንተማመን፣ እኔ የጂንና የዛር ወሬ ሲነሳ ስልኬን አውጥቼ የምጎረጉር ሰው ነኝ። ሰፈራችን ውስጥ አንዷ ጥላ አየሁ ስትል፣ ሌላዋ የሞተች አክስቴ በሕልሜ መጣች ስትል፣ እኔ «እራት ምን በልተሽ ነው የተኛሽው?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ በዚህ ጠባዬም ብዙ ሰው አይወደኝም። ሥራዬም ያው ነው፣ ቦሌ ለሚ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሸሚዝ እየገለበጥኩ የዘለለ ስፌት ስፈልግ ስለምውል፣ ሰው ወሬ ሲነግረኝም መጀመሪያ የምፈልገው የዘለለውን ቦታ ነው። አሁን የምነግርህን ነገር ስንት ጊዜ ገለባብጬ አየሁት መሰለህ፣ የዘለለውን ቦታ አላገኘሁትም። ሌሊት ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ነው እል ነበር፣ እሱም አልሆነም፣ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው።

ሀያት እባላለሁ፣ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። «ሴት ልጅ፣ ያውም የሰይድ ልጅ፣ ያውም ሮክ!» የሚለውን ሰምቼ ስለጨረስኩ አንተ አትድገመው። ሦስት ነን፣ እኔ፣ ድራም የሚመታው ናቲ፣ ጊታር እየተጫወተ የሚዘፍነው ሳሚ፣ ክለቦቹ የሚፈልጉት ሌላ ነገር ስለሆነ ማንም አያውቀንም፣ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰባት ሰዓት ጀምረን ጆሯችን እስኪደነቁር እንለማመዳለን። ቦታችን ቦሌ ሚካኤል ውስጥ የናቲ አጎት ጀምሮ ያልጨረሰው ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ሲቆፈር ጥቁር ቋጥኝ ወጣ፣ ማሽን መጥቶ ቢደበድበው የማሽኑ ጥርስ ተሰበረ እንጂ እሱ ንቅንቅ አላለም፣ አጎትየውም ተናዶ «ተዉት፣ እሱም ግድግዳ ይሁን» አለ ይባላል። ስለዚህ የምድር ቤቱ ሦስቱ ግድግዳ ብሎኬት፣ አራተኛው ከወለል እስከ ጣራ ያ ቋጥኝ ነው፣ በበጋም እርጥብ ነው፣ እጅህን ስታስደግፍበት ይቀዘቅዝሃል። እኛ ግን ድምፃችንን ስለሚውጥልንና ጎረቤት ስለማይጮህብን ወደድነው።

አባቴን ላስተዋውቅህ፣ ነገሩ የእሱ ነውና። ሰይድ ይባላል፣ የወሎ ሰው ነው፣ አርባ ዓመት ድንጋይ ፈልጦና ጠርቦ ነው ያሳደገኝ። የድንጋዩ ብናኝ ሳንባው ውስጥ ተቀምጦ በመጨረሻ ደረጃ ሲወጣ በየሦስት እርምጃው የሚቆም ሆኖ ነበር፣ ሐኪሙም «አቧራ ያለበት እንዳይደርሱ፣ መዶሻ የሚባል እንዳይነኩ» ብሎት ነበር። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፣ ቤት ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነበርን፣ ስለዚህ በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ የፈራሁት ጂን እንዳይመስልህ፣ እኔ የፈራሁት አባቴን ማጣት ነው።

አባዬ አንድ አመል ነበረው፣ የቤታችን በር አይንኳኳም። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት መጥቼ ኳ ኳ ኳ ባደርግ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ወጣና ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ በጥፊ መታኝ፣ ከዚያ ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ እሱው አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ዘመድም ይሁን ቆጣሪ አንባቢ ከደጅ ሆኖ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል እንጂ በር አይነካም። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፣ የሽማግሌ አመል ይመስለኝ ነበር።

ሙዚቃዬን አይወደውም ነበር፣ ግን አይከለክለኝም፣ አንድ ቀን ስለማመድ ቆሞ አየኝና፣

«ለመሆኑ ይኼ የምትደበድቡት ምን ይባላል?» አለኝ።

«ሮክ።»

«ምን ማለት ነው?»

«በእንግሊዝኛ ድንጋይ ማለትም ነው አባዬ።»

ሳል እስኪይዘው ሳቀ። «ታዲያ አርባ ዓመት ሙሉ ሮክ ስጫወት የኖርኩት እኔ ነኛ!» አለ፣ ከዚያ ትንፋሹን ሰብሰብ አድርጎ «በደንብ ስትቀዱት አምጪልኝ፣ እሰማዋለሁ» አለኝ። ይኼን ቃል እንዴት እንደያዝኩት ልነግርህ አልችልም፣ ትንፋሹ እየሄደ ስለነበር ሳይሰማኝ እንዳይሄድ ብዬ ናቲንና ሳሚን «እንቅዳ፣ እንቅዳ» እያልኩ አቃጠልኳቸው።

ድምፁን መጀመሪያ የሰማነው ያን ሰሞን ነው። ክረምቱ እየወጣ ነበር፣ አንድ ዘፈን ጨርሰን ሳሚ ክሩን ሲያስተካክል ከቋጥኙ በኩል ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ። ዝም፣ ከዚያ እንደገና ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከጎን ብረታ ብረት ቤት አለና እሱ ነው ብለን ተውነው፣ ሲደጋግም ግን ናቲ ሙዱ መጣለትና በትልቁ ድራም ሁለት ጊዜ ዱም፣ ዱም አድርጎ መለሰለት። ከዚያ ከወዲያ አንድ ጊዜ ብቻ ኳ አለና ጸጥ።

«አየሽው? እሺ አለኝ እኮ! ጨዋ ጎረቤት ነው» አለ ናቲ፣ ሳቅን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ አሥር ሰዓት ላይ እንደገና መጣ፣ ናቲ ሁለት መለሰለት፣ እሱም አንድ ብሎ ዝም አለ። ወጥቼ ብረታ ብረት ቤቱን አየሁት፣ ተቆልፎ ነበር፣ ናቲም «እንግዲያው የውሃ ፓምፑ ነው፣ ቧንቧው በድንጋዩ ውስጥ ነው የሚያልፈው» አለኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። እንዲያውም ወደድነው፣ ቢት ነዋ፣ ዘፈን ሠራንበት፣ ማይኩን ከድንጋዩ አጠገብ ተክለን ሦስቱ ሲመጣ ናቲ በሁለት ይመልሳል፣ አንዱ ሲሰማ እኔ በቤዙ እገባለሁ። ስሙንም «ጎረቤት» አልነው። በስምንተኛው ቅዳሜ ጥሩ አድርገን ቀዳነውና ዓርብ ማታ ለአባዬ ወሰድኩለት።

ፍራሹ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፣ ስፒከሯን አጠገቡ አድርጌ ከፈትኩለት፣ እኔ ፊቱን ነው የማየው፣ ይወደው ይሆን እያልኩ። ሦስቱ ኳታ መጣ፣ የናቲ ሁለት መጣ፣ አንዷ መጣች፣ እኔ ከመግባቴ በፊት እጁን አነሳ።

«መልሺው» አለኝ።

መለስኩት። እንደገና «መልሺው» አለ። በሦስተኛው ስፒከሯን እሱው አጠፋት።

«ሁለቱን የመታው ማነው?»

«ናቲ ነዋ፣ በድራም።»

«ስንት ጊዜ መለሳችሁለት?»

«ምኑን?»

«ስንት ጊዜ ሀያት!» ሙሉ ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም፣ ሀዩ ነው የሚለኝ።

«ስምንት ቅዳሜ» አልኩት። «ያ አላህ» ብሎ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ።

በዚያ ምሽት ነው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ይማም የሚባል አጎት እንደነበረኝ የሰማሁት። ታናሽ ወንድሙ ነበር፣ ሁለቱ በወጣትነታቸው ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለ የድንጋይ ካባ አብረው ይሠሩ ነበር። ድንጋይ ፈላጮች ደንብ አላቸው አለኝ፣ ናዳ የተጫነው ሰው ትንፋሽ ካለው ባገኘው ነገር ሦስት ጊዜ ይመታል፣ ያርፋል፣ እንደገና ሦስት ይመታል። ከውጭ ያለው ሰው ሁለት ከመታለት «ሰማንህ፣ መጣንልህ፣ ዐረፍ በል» ማለት ነው፣ የተቀበረውም «እሺ» ለማለት አንድ ይመታና አየሩንና ጉልበቱን ለመቆጠብ ዝም ይላል። ለዚህ ነው ከውጭ ያለው ሰው ድምፁን በጆሮው ተከትሎ ቦታው ላይ ምልክት ሳያደርግ በፍጹም የማይመልሰው፣ ከመለሰ ድምፁ ይጠፋል፣ ድምፁ ከጠፋ ቦታው ይጠፋል።

«ካባው ሲናድ ሌላው ሰው ሁሉ ሞቷል ብሎ ተቀምጦ ነበር» አለኝ አባዬ፣ «እኔ ግን ሦስቱን ሰማሁ። ደስታ አሳበደኝ ሀዩ። ቦታውን ሳልይዝ ሁለት መታሁለት። እሱም የታላቁን ቃል አምኖ አንድ መታና ዐረፈ። ሦስት ቀን ቆፈርን፣ በግራ ቆፈርን፣ በቀኝ ቆፈርን፣ አላገኘነውም። ድጋሚ አልመታም፣ መጣሁ ብዬው የለ?»

እጁን ያዝኩት፣ ከዚያ ያው ጠባዬ አልለቀቀኝም። «አባዬ፣ ያ ኮምቦልቻ ነው፣ ይኼ ቦሌ ሚካኤል ነው። ፓምፕ ነው» አልኩት።

«ሀገር የሚለያየው ከላይ ነው ልጄ» አለኝ፣ «ከሥር ድንጋዩ አንድ ነው።»

በማግስቱ ካልወሰድሽኝ ብሎ ቀሚሱን ለብሶ ተቀመጠ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፣ አሁን ድረስ የሚበላኝ እሱ ነው፣ ግን ፓምፑን በዓይኑ አይቶ ይረፍ ብዬ አሰብኩ። ከመገናኛ ታክሲ ተኮናትረን ሄድን፣ ጭኑ ላይ የያዘው ፌስታል ውስጥ መዶሻውና መሮው መኖራቸውን ያወቅሁት ደረጃውን ወርደን ስንጨርስ ነው። ሳሚ ሠርግ ነበረበት፣ ናቲ ብቻ ነበር፣ ነገሩን በጆሮው ስነግረው ዓይኑን አፈጠጠና «በናትሽ፣ ፋዘርን አታስጨንቂያቸው፣ ፓምፑን እናሳያቸውና በቃ» አለኝ። አባዬ ግን ፓምፑን ማየት አልፈለገም፣ የድምፅ ማጉያዎቹን አስጠፋን፣ ቋጥኙን እየዳበሰ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ፣ ከዚያ ባልዲ ገልብጦ ጆሮውን ድንጋዩ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ግማሽ ሰዓት ምንም የለም። እመነኝ፣ በልቤ አልሐምዱሊላህ ማለት ጀምሬ ነበር፣ ከዚያ አሥር ሰዓት ሲሆን ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ።

ናቲ ሳያስበው እግሩ ወደ ድራሙ ሄደ። «እንዳትመታ!» አለው አባዬ፣ ያን ያህል ድምፅ ከዚያ ደረት ከየት እንደወጣ አላውቅም። ሦስቱ ሲመጣ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ሲያርፍ ያርፋል፣ እንደገና ሲመጣ ይንበረከካል፣ ጆሮውን ዝቅ ያደርጋል፣ እንዲህ እያለ ወደ ማእዘኑ ተጠግቶ በጉልበት ቁመት ላይ በጠመኔ መስቀለኛ ምልክት አደረገ። «እዚህ ነው፣ ጥልቀቱ ከክንድ አይበልጥም» አለ። መዶሻውን አንስቶ በምልክቱ ላይ ሁለት ጊዜ መታ።

ከውስጥ አንድ ኳታ መጣ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ እኔም ሰማሁት፣ ናቲም ሰማው፣ ዛሬ ይካድ እንጂ ያኔ ክንዴን ጨምድዶ ይዞኝ ነበር።

አባዬ መሮውን ደገነና መፈልፈል ጀመረ። አራት ይመታል፣ ብናኙን እፍ ይላል፣ አራት ይመታል፣ እፍ ይላል፣ ልጅ ሆኜ ምሳ ይዤለት ስሄድ ከሩቅ የማውቀው አመታቱ ነው። ቋጥኙ ግን የማሽን ጥርስ የሰበረ ቋጥኝ ነው፣ የሚወጣው ዱቄት ብቻ ነው፣ ያ ዱቄት ደግሞ እሱን የገደለው ዱቄት ነው። «በቃህ አባዬ» አልኩት፣ አልሰማኝም። ሳሉ መጣ፣ ቀጠለ፣ ከዚያ በነጭ ቀሚሱ ላይ ደም አየሁ። ያኔ ነው ከወገቡ የያዝኩት።

«ልቀቂኝ! ነግሬዋለሁ እኮ! መጣሁ ብዬዋለሁ!» ይለኛል፣ እያለቀሰ፣ አባቴ ነው እንዲህ የሚለኝ። ናቲ በእግሩ እኔ በብብቱ ይዘን ደረጃውን አወጣነው። ግማሽ ላይ ስንደርስ ከታች ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ። አባዬ ሰማው፣ መታገሉን ተወ፣ እንደ ሕፃን ተሸክመን አወጣነው።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ነው የቆየው። ሆስፒታል አልጋው ላይ ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ሆኖ አንድም ቀን አልተቆጣኝም፣ «አብሽሪ፣ ለእኔ ብለሽ ነው» ይለኝ ነበር፣ በመጨረሻው ቀን ብቻ ግድግዳውን እያየ «ሁለተኛ ጊዜ አታለልኩት» አለ። ሐኪሞቹ ሳንባው ነው አሉ፣ ሳንባውማ ነው፣ እኔ ግን በግማሽ ደረጃ ላይ የሞተ ይመስለኛል።

ቀብሩ አለፈ፣ ሰደቃው አለፈ። ባንዱ ፈረሰ፣ ፈረሰም አይባል፣ ማንም ለማንም ሳይደውል ቀረ። የናቲ አጎትም ሕንፃውን ሊጨርስ ገንዘብ አገኘና ቋጥኙ ሐሙስ በኮንክሪት ሊሸፈን ሆነ፣ እቃሽን አውጪ ተባልኩ። ቅዳሜ ሄድኩ፣ ብቻዬን፣ የአባዬን መዶሻ በፌስታል ይዤ፣ ለምን እንደያዝኩት አትጠይቀኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ጀመረ። ሦስት ግን አልነበረም። አራት ይመታል፣ እፍ የሚባልበትን ያህል ይቆያል፣ እንደገና አራት ይመታል። ከውስጥ ነው። ወዳጄ፣ እመነኝ፣ አልፈራሁም፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ጉልበቴን አቅፌ እያለቀስኩ ሰማሁት፣ ሳል አልነበረውም፣ በወጣትነቱ እንደዚህ ነበር የሚመታው አልኩ፣ ደስ አለኝ፣ ለይማም ሄዶለታል ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬ ሩብ ሰዓትም አልቆየም። አንድ ነገር ሲደረመስ ድምፁን ሳይሆን መንቀጥቀጡን በመቀመጫዬ ሰማሁት፣ ናቲ ድራም ላይ ያለው ጸናጽል በራሱ ጊዜ ሽርርር አለ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

ከዚያ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ግን የአንድ ሰው እጅ አይደለም፣ የሁለት ሰው ነው፣ አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀለል ያለ፣ ትንሽ የማይገጥሙ።

መዶሻው እጄ ላይ ነበር፣ ወደ ላይም አነሳሁት፣ ሁለት ልመታ። አባዬ ታወሰኝና አስቀመጥኩት። ጠመኔ አንስቼ ጆሮዬን ድንጋዩ ላይ አድርጌ ተከተልኩ፣ በቀኝ ሰማሁትና ምልክት አደረግሁ፣ ምልክቱ ጋ ስደርስ በግራ ሆነ፣ በግራ ሳደርግ ከላይ ሆነ፣ ያን ጥቁር ድንጋይ በጠመኔ ሞላሁት። እኔ የእሱ ጆሮ የለኝም፣ እኔ የማውቀው ሸሚዝ ነው። በመጨረሻ ድምፁ ቆመ፣ ደከማቸው መሰለኝ፣ እኔም ተስፋ ቆረጥኩ፣ ተናደድኩም፣ በእሱም፣ በራሴም፣ በዚያ ድንጋይም፣ «አባዬ!» ብዬ ጮኼ መዶሻውን አንስቼ ባገኘሁት ቦታ ደበደብኩት። ልመታው ብዬ እንጂ ልቆጥር ብዬ አልነበረም። ስንት ጊዜ እንደመታሁ ያወቅሁት ማሚቶው ሲመለስልኝ ነው፣ ሦስት ጊዜ ነው።

ከውስጥ ወዲያው መለሱልኝ። ሁለት ጊዜ።

«መጣንልሽ» ላሉኝ አንዱን አልመታሁም፣ «እሺ» አላልኩም፣ ማጉያዬን እንኳ ሳልይዝ ነው የወጣሁት። ሐሙስ ኮንክሪቱ ተሞላ፣ ናቲን ባለፈው መገናኛ አገኘሁትና ገና ሳልጠይቀው «ፓምፑ ነበር እኮ ሀዩ» አለኝ፣ ይሁንለት። እኔ ቤት ነኝ፣ በራችን ዛሬም አይንኳኳም፣ ጎረቤቶች «ቤቶች!» ብለው ነው የሚጣሩት። ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። አባዬ ያቺን ስህተት አንድ ጊዜ ሠርቶ ዕድሜውን ሙሉ የከፈለባት ሰው ነው፣ ያለሁበትን ቦታ በደንብ ሳያውቅ ሁለት አይመታም።